ማጣሪያው የበላው ክር

ምንዳዬን ሞቶ ያገኘው የመጋዘኑ ባለቤት ኦመር ነው። ቦታው ካርቱም ባሕሪ፣ የጋራዥና የፋብሪካ ሠፈር፣ የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ። ቀኑ ቅዳሜ፣ ረመዳን በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ሰኔ 2007 ዓ.ም.። አሥር ሰዓት ሲል ሃቡብ ተነሣ። ያ ከመሬት እስከ ሰማይ የሚቆም ቀይ አቧራ በደቡብ በኩል መጥቶ ከተማውን ሸፈነው። ከህረባው፣ ኤሌክትሪኩ፣ ጠፋ፣ ቀኑ ጨለመ፣ ሰው ሁሉ በሩን ዘጋ። አቧራው ጋብ ሲል ኦመር መጋዘኑ ደረሰ። በሩ ገርበብ ብሏል። የዕቃ ኃላፊው ምንዳዬ በጎማ ክምር መሀል በአፍጢሙ ተደፍቷል። የተመታው ማጅራቱን ነው፤ አጠገቡ የክሪክ እጀታ ወድቋል። ከመጋዘኑ አንዲት ብሎን እንኳ አልጎደለችም።

እኔ የገባሁበት በማግስቱ ነው። ጥዑመልሳን እባላለሁ፤ ጀሪፍ ሠፈር ፎቶ ቤት አለኝ። ካርቱም ስኖር ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። የሐበሻ ጉዳይ ሲገጥማቸው ፖሊሶቹ ለማስተርጎም ይጠሩኛል፤ ሥራው ባብዛኛው ዝም ብሎ መስማት ነው። ምስል በኮድ ማጥራትን ደግሞ ማንም አላስተማረኝም። ከኢንተርኔት ባወረድኳቸው መጻሕፍት፣ መብራት ባለ ሰዓት እየሞከርኩ ለመድኩት። ያረጀ የሠርግ ፎቶ ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ነቂብ ሙሄዲን በሬ ላይ ቆሞ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክራል። ነቂብ እኛ ሻምበል የምንለው ነው። ቀጭን፣ መቀመጥ የማይወድ ሰው ነው፤ ጾም ሲጨመርበት ጭራሽ አንድ ቦታ አይረጋም።

«ያ ኡስታዝ፣ ጾመሃል?»

«ጾሜያለሁ ጀናቡ። የሰኔ ጾም ነው።»

«ውኃ እየጠጣችሁ ጾምን ትላላችሁ።»

«እናንተ ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ በግ እየበላችሁ።»

ሳቁን ሳይጨርስ ፍላሽ እጄ ላይ አኖረ። «የመጋዘኑ ካሜራ ነው። ከበሩ ትይዩ ተሰቅሏል። ባትሪ ስላለው ከህረባው ሲጠፋ አልጠፋም። ግን ምን ዋጋ አለው? እየው።»

አየሁት። እንዲህ ያለ ካሜራ ሲጨልምበት በራሱ ብርሃን፣ እኛ በማናየው ብርሃን፣ ማየት ይጀምራል፤ ምስሉም ጥቁርና ነጭ ይሆናል። በበሩ የገባው አቧራ እያንዳንዱ ቅንጣቱ አብርቶ ምስሉን ጨው የተበተነበት አስመስሎታል። በዚያ ሁሉ ነጠብጣብ መሀል አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ይወጣል። ጠቆር ያለ ካናቴራ፣ አጭር ጸጉር፣ ባዶ እጅ።

«ፊት አልጠየቅኩህም» አለ ነቂቡ። «ይሄን አቧራ ብቻ አንሣልኝ።»

ጥርት ያለውን አንዱን ምስል መረጥኩና ኮዱን ጻፍኩ። ዐሥር መስመር አይሞላም። ለኮምፒዩተር ምስል ማለት የቁጥር ሰንጠረዥ ነው፤ ድፍን ጥቁር ዜሮ፣ ድፍን ነጭ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት። አምስት በአምስት የሆነች ትንሽ መስኮት ከላይ ከግራው ጥግ ትቀመጣለች። በመስኮቷ የሚታዩት ሃያ አምስት ቁጥሮች ከትንሽ ወደ ትልቅ ይሰለፋሉ። ከሰልፉ መካከል የቆመው፣ አሥራ ሦስተኛው፣ ይወሰድና መስኮቷ መሀል ባለችው ነጥብ ቦታ ይጻፋል። ከዚያ መስኮቷ አንድ ነጥብ ወደ ቀኝ ትራመዳለች። ደግሞ ማሰለፍ፣ ደግሞ መካከለኛውን ማንሣት። አቧራ ነጭ ስለሆነ ሁልጊዜ የሰልፉ ጫፍ ላይ ነው የሚቆመው፤ መካከል ስለማይደርስ ይጠፋል።

ነቂቡ ቁልፉን ማሽከርከር አቆመ። ምስሉ የታጠበ መስሎ ወጥቷል።

«ሱብሓነላህ! አንገቱን አቅርብልኝ።»

አቀረብኩለት።

«እናንተ ነሳራዎች፣ ክርስቲያኖች፣ አንገታችሁ ላይ ክር ታስራላችሁ። ያ መጋዘን አካባቢ የሚሠራው ሁሉ ሐበሻ ነው። ይሄ ሰው ክር አለው?»

አንገቱ ለስላሳ ነው። ምንም የለበትም።

«ማፊ» አልኩት። የለም ማለት ነው።

ቃሏን ማስታወሻው ላይ ጻፋት።

ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ የጠየቅነው ኦመርን ነው። ከምንዳዬ ጋር ዓርብ ዕለት ሲጯጯኹ ጎረቤት ሰምቷል።

«ሥራ ሊለቅ ነው፤ በረመዳን ጥሎኝ ሊሄድ ነው፤ አልጩህ?» አለ ኦመር። «ሰው ስለጮኸ ይገድላል እንዴ? እንደሱ ቢሆን ሚስቴ እኔን ስንት ጊዜ ገድላኝ ነበር!»

«አሥር ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«ኩብሪው፣ ድልድዩ ላይ። አንድ ሀፍላ አውቶቡስ በሃቡቡ ከኋላዬ መጥቶ ገጨኝ። የትራፊክ ወረቀቱ ይኸው።»

ወረቀቱ ላይ ሰዓቱ አለ፤ የተገጨችው መኪናም በሩ ላይ ቆማለች። ነቂቡ ወረቀቱን አንዴ ወደ ብርሃን ይዞ፣ አንዴ ገልብጦ አየና መለሰለት።

ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ቶርኖ ቤት አለ። እዚያ የሚሠራውን ጌታሁንን አውቀዋለሁ፤ የጽዋ ማኅበራችን አባል ነው። የልጄ ክርስትና ጊዜ ድንኳኑን የተከለልኝ እሱ ነበር። ስንገባ የማተቡን መስቀል ማሽኑ እንዳይስብበት ወደ ጀርባው ጥሎ ብረት ላይ ጎንበስ ብሏል።

«ጋሽ ጥዑመ! እንኳን ደህና መጡ። አይጠጉ፣ ፍቅፋቂው ዐይን ያጠፋል።» ማሽኑን አጠፋው።

«ነቂቡ ቅዳሜ በሃቡቡ ሰዓት የት ነበርክ ይሉሃል።»

«እዚሁ። የፓምፕ ዘንግ ነበረብኝ፤ እሱን ስጠርብ አቧራው መጣ፣ አቧራው ሄደ። ይሄ ማሽን ሲጮህ ውጭ ሰው ቢታረድ አይሰማም።»

ተረጎምኩ። ነቂቡ ዐይኑን አንገቱ ላይ አሳረፈና ማስታወሻውን ዘጋ። ከቶርኖ ቤቱ ስንወጣ፣ «ክር አለው» አለኝ፣ ሌላ ጥያቄ እንደማያስፈልግ ሁሉ።

መጋዘኑ ውስጥ ጭነት የሚያወርዱት ሦስት ናቸው። ሁለቱ ማተብ አላቸው። ሦስተኛው ይማም ነው። የወሎ ልጅ፣ ሃያ አራት ዓመቱ፣ ከመተማ ከተሻገረ ስምንት ወሩ። አንገቱ ባዶ ነው። ሐሙስ ዕለት ምንዳዬ በሰው ፊት ሰድቦት፣ «እናያለን» ብሎታል። ይህን ሁለቱም ሰምተዋል።

ጣቢያ ወሰድነው። ማራገቢያው ይንቋቋል። ይማም እጁን ጭኑ መሀል አድርጎ ተቀመጠ።

«በሃቡቡ ሰዓት የት ነበርክ?» አልኩት የነቂቡን ጥያቄ ስተረጉም።

«ማዮ፣ እህቴ ቤት። ስምንት ሰዓት ላይ ነው ከሥራ የወጣሁት። ነፋሱ ቆርቆሮውን ሊነቅለው ሲል እላዩ ላይ ተኝቼበት ነበር።»

«ማን አየህ?»

«በሃቡብ ማን ማንን ያያል፣ ጋሼ? ይሄን እሳቸውም ያውቁታል።»

«‹እናያለን› ያልከው ምን ልታይ ነው?»

«እንዲያው አፌ ነው። ሰው ሲሰደብ ምን ይላል? ‹እግዜር ይስጥልኝ› ይላል?»

ነቂቡ ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሣ። «ንገረው። ሐሙስ ጠዋት ፋይሉ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። ቀትል ዐምድ ነው።» ሆን ብሎ መግደል ማለት ነው። መጨረሻው ገመድ መሆኑን ለልጁ መተርጎም አላስፈለገኝም። ካርቱም የከረመ ሁሉ ያውቀዋል።

ማክሰኞ ጠዋት ፎቶ ቤቱን ስከፍት አንዲት ሴት ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ጥቁር ሻርፕ፣ አቧራ የጠጣ ጫማ። ከማዮ ሁለት ሀፍላ ቀይራ ነው የመጣችው።

«መዲና እባላለሁ። የይማም እህት ነኝ። ጋሼ፣ ወንድሜን በምኑ ነው ያወቃችሁት?»

«ፎቶ አለ። ጀርባውን የሰጠ ሰው ነው። አንገቱ ላይ ክር የለም።»

«እኔም ክር የለኝም። እኔንስ ለምን አልያዛችሁኝም?»

ወደ ኮምፒዩተሩ ዞርኩ።

«አሳየኝ» አለች።

ባላሳያት ይሻል ነበር፤ ግን አሳየኋት። ወደ ኮምፒዩተሩ ተጠግታ ብዙ አየች። የወንድሟን ጀርባ ትፈልግበታለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ሌላ ነገር ጠየቀችኝ።

«አቧራው የታለ?»

«የቱ አቧራ?»

«ቅዳሜ እኮ ነው። እኔ እስካሁን ከጸጉሬ አላወጣሁትም። ይሄ ሰውዬ ግን ከባኞ ቤት የወጣ ይመስላል።»

«አቧራውን እኔ ነኝ ያጠፋሁት። በኮድ።»

ዞር ብላ አየችኝ። «ሌላስ ምን አጠፋህ?»

በሩን ዘግቼ ዋናውን ምስል አወጣሁ፤ ያልታጠበውን። እሷ ቆማ ቀረች።

ስሕተቴ ወዲያው ገባኝ። መስኮቷ አምስት በአምስት ናት። ውፍረቱ አንድ ነጥብ የሆነ ቀጭን መስመር በመስኮቷ ውስጥ ቢያልፍ ከሃያ አምስቱ አምስቱን ብቻ ነው የሚይዘው። አምስቱም ከሰልፉ አንድ ጫፍ ይቆማሉ፤ መካከል አይደርሱም። ማጣሪያው አቧራና ክር አይለይም። ቀጭን የሆነውን ሁሉ ይበላል። ይህን መጽሐፉ ላይ አንብቤዋለሁ፤ አስምሬበታለሁም። ነቂቡ ስለ ክር ሲጠይቀኝ ግን ከዋናው ምስል ላይ አላየሁም። ካጠፋሁት ላይ አይቼ መለስኩለት።

በዋናው ምስል ላይ፣ በነጠብጣቡ መሀል፣ አንገቱን የዞረ አንድ ቀጭን ጥቁር መስመር አለ።

ጭረት ሊሆን ይችላል ብዬ ራሴን አስጨነቅኩ። እንዲሆንም ሳልፈልግ አልቀረሁም። ስለዚህ ከዚያ ምስል ፊትና ኋላ ያሉትን አሥራ ሁለት ምስሎች ደረደርኳቸው። አቧራ ቦታው ላይ አይቆይም፤ በአንዱ ምስል እዚህ ያበራል፣ በሚቀጥለው ሌላ ቦታ። ነጥቦቹ ሁሉ ተንጫጩ። መስመሩ ግን በአሥራ ሁለቱም ላይ ከሰውዬው አንገት አልለቀቀም። ከመስመሩ በታች፣ በሁለቱ ትከሻዎቹ መሀል፣ አንዲት ብሩህ ነጥብም ነበረች። እሷም አልተንቀሳቀሰችም። ሰውዬው ሲራመድ አብራው ትራመዳለች።

«ምንድን ነው?» አለች መዲና።

«ወንድምሽ አይደለም» አልኳት። ከዚያ በላይ አልቻልኩም። አፏን በሻርፗ ይዛ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ከሄደች በኋላ ውዳሴ ማርያሜን ከፍቼ አንድ ገጽ ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ ዐይኔ ያነብባል፣ ልቤ የለም። ነጥቧ ምን እንደሆነች አውቄያለሁ። ዝም ብል ይማም ይሰቀላል። ብናገር አሳልፌ የምሰጠው የማኅበሬን ሰው ነው፤ አብሮኝ አሐዱ አብ የሚል፣ ከአንድ ጽዋ አብሬው የጠጣሁትን። እስኪነጋ ከወንበሬ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ወንበሬ ስል ቆየሁ።

ረቡዕ በማለዳ ጣቢያ ሄድኩ።

«ጀናቡ፣ ማፊ ያልኩት ስሕተት ነው። ክር አለው።»

ነቂብ ሙሄዲን የያዘውን ወረቀት አላስቀመጠም። «ነገ እኮ ፋይሉ ይሄዳል።»

«አውቃለሁ።»

«አንተ ነህ የለም ያልከኝ።»

«እኔ ነኝ። ማጣሪያዬ በላው። ሳላረጋግጥ መለስኩልህ።»

አሥራ ሁለቱን ምስሎች አሳየሁት። ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። «አሁን የሐበሻ ነሳራ ሁሉ ሊሆን ነው» አለ በብስጭት። «ይቺስ ነጥብ?»

«መስቀል ናት። ከክሩ ላይ የሚንጠለጠል የብረት መስቀል።»

«መስቀል ደረት ላይ አይደለም እንዴ የሚውለው?»

«ደረት ላይ ነው። ወደ ጀርባው የሚጥለው፣ የሚሽከረከር ማሽን ላይ የሚጎነበስ ሰው ነው። ክሩን ማሽኑ ከሳበው አንገቱን ይዞት ይሄዳል። ያን ያህል ስለለመደው ከማሽኑ ሲነሣም አይመልሰውም።»

ነቂቡ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሲቀመጥ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። «ቶርኖው» አለ። «ግን ማሽኑ ላይ ነበርኩ ብሏል።»

«ካሜራው ለምን ጥቁርና ነጭ እንደሆነ ታስታውሳለህ?»

«ከህረባው...» አለና ዘሎ ተነሣ። «ያላ፣ ያላ!»

ቶርኖ ቤቱ ስንደርስ ጌታሁን ማሽኑን አጥፍቶ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። ነቂቡ ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ቅዳሜ፣ አቧራው ሲመጣ ምን ትሠራ ነበር በለው።»

«ነግሬያችሁ የለ? የፓምፕ ዘንግ ስጠርብ ነበር።»

«አቧራው እስኪሄድ?»

«እስኪሄድ።»

«ማሽኑን ምን ያዞረው ነበር?»

«ከህረ...» አለና ጌታሁን ቃሉን ሳይጨርሰው ቀረ። ጨርቁን አጥፎ፣ አጥፎ፣ ማሽኑ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ መስቀሉን ከጀርባው ስቦ ወደ ደረቱ መለሰና ወደ እኔ ዞረ።

«ታናሼን ማዘንጊያን ያውቁታል፣ ጋሽ ጥዑመ። አምና ለጥምቀት የመጣውን።»

«አውቀዋለሁ።»

«ወደ ሊቢያ ከሚያሻግሩት ጋር ያገናኘው ምንዳዬ ነው። ‹በእኔ ይሁንብህ› ብሎኝ ነበር። ከሄደ አምስት ወሩ። ድምፁን አልሰማሁም። በሄድኩ ቁጥር ‹ነገ›፣ ‹ከነገ ወዲያ› ይለኛል። ቅዳሜ ከህረባው ሲጠፋ እጄ ቦዘነ። ሊለቅ ነው ሲባልም ሰምቻለሁ። በአቧራው ውስጥ ተሻገርኩና ‹ማዘንጊያስ?› አልኩት።» በእጁ ወደ መጋዘኑ ጠቆመ። «‹የትኛው ማዘንጊያ?› አለኝ። እዚህ፣ እዚህ ወንበር ላይ ምሳ አብሮት የበላውን ልጅ፣ ‹የትኛው?› ብሎኝ ዞረ። ጎማ ይቆጥር ጀመር።»

እየተረጎምኩ ነበር። ድምፄ የራሴ አይመስልም።

«ልትገድለው ነው የሄድከው በለው» አለ ነቂቡ።

«ልጠይቀው ነው የሄድኩት።»

ቃል በቃል አስተላለፍኩ። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

«ሌላ ልጅ በአንተ ፈንታ እንደታሰረ ታውቅ ነበር?»

ጌታሁን መጀመሪያ መሬት መሬት አየ። «አውቃለሁ። ክር ስለሌለው ነው አሉ። እንደዚያ ያለው ጋሽ ጥዑመ ነው አሉ።» ቀና አለ። «አውቀው የሸሸጉኝ መስሎኝ ነበር። ማኅበሬ አልጣለኝም ብዬ፣ ማታ ማታ ስምዎን እየጠራሁ ስጸልይ ነበር።»

«ምን አለ?» አለ ነቂቡ።

ይህንን ባልተረጉመው ማንም አያውቅም፤ ቶርኖ ቤቱ ውስጥ አማርኛ የሚሰማ ሌላ ሰው አልነበረም።

«አውቄ የሸሸግኩት መስሎት ነበር» አልኩት በዐረብኛ። «ለእኔም ይጸልይልኝ ነበር።»

ነቂብ ሙሄዲን ረዘም አድርጎ አየኝ። ከዚያ የጌታሁንን ክንድ ያዘው፤ አጥብቆ አልነበረም።

ይማምን የለቀቁት በዚያው ቀን፣ መግሪብ ሊደርስ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ነው። መዲና በጣቢያው በር በኩል በፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ይዛ ቆማለች። እኔም ከሱቅ ቀዝቃዛ ገዝቼ ቆሜያለሁ። ጫማው ያለ ማሰሪያ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ወጣ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ ማንም ውኃ አላቀረበለትም።

«ይማም» አልኩት። «ክር የለውም ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ነግራኛለች።»

«ካጠፋሁት ላይ አይቼ ነው የተናገርኩት። በድያለሁ፤ ይቅር በለኝ።»

ሦስታችንም መንገዱን እያየን ቆምን። መኪኖቹ ለኢፍጣር ቤታቸው ለመድረስ ይጣደፋሉ፤ ጥሩምባው አያባራም።

«ሁለት ሌሊት ገመድ ሳስብ ነው ያደርኩት፣ ጋሼ» አለ በመጨረሻ። «አሁንም እያሰብኩት ነው።»

አዛን ተሰማ። ይማም ከመዲና እጅ ተቀብሎ፣ ቢስሚላህ ብሎ፣ ጠርሙሱን እስከ ታች ጠጣው። እኔም የያዝኩትን ዘረጋሁለት። አየው። እጁን ግን አላነሣም።

«ይሄን ሌላ ቀን» አለኝ። «ማዮ ነን። ጠይቀህ ትደርሳለህ።»

የመጣችውን ሀፍላ አስቆሙና ተሳፈሩ። በመስኮቱ በኩል አላየኝም፤ መዲና ግን አየችኝ። ሀፍላዋ አቧራውን አስነሥታ ሄደች። ውኃው እጄ ላይ እስኪሞቅ ቆምኩ።